ሞተር ይዘህ ጎንደር ስትወጣ፦ ከበርህ እስከ ክስ ወረቀቱ

የእህቴ ልጅ ሞተር ገዛ። ቦክሰር ነው፣ ያገለገለ። ገና ነዳጅ ሳይቀዳለት ደወለልኝና «ጋሼ፣ ያለ ሄልሜት ከተያዝኩ ቅጣቱ ስንት ነው?» አለኝ።

ሕጉ ምን ይላል አላለም። ዋጋ ነው የጠየቀኝ፣ እንደ ቲማቲም። አልፈረድኩበትም። እኔም በሱ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ። ብዙው ባለ ሞተር የትራፊክ ሕግ የሚያውቀው በተቀጣበት ልክ ነው።

«ቅዳሜ ይዘኸው ና። እየነዳህ ግን አይደለም፣ እየገፋህ» አልኩት። ከጓደኛው ጋር እየተጋገዙ ገፍተው አመጡት። ላባቸው ጠብ ጠብ እያለ ግቢ ገቡ። ሻይ አስቀረብኩና ግማሽ ቀን ሙሉ ያወራነውን ነው እዚህ የምጽፈው። «አንተ» እያልኩ የምጽፈው እሱን እያሰብኩ ስለሆነ ነው። ሞተር የምትነጂ እህቴም ካለሽ ጉዳዩ ያው ነው።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ልበልና ልለፈው። የትራፊክ ጥፋትና ቅጣት በአገር አቀፍ ደረጃ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208/2003 ነበር። ከዚያ ወዲህ ማሻሻያ መጥቶበታል። ጥፋቶቹ በእርከን የተከፋፈሉ ናቸው። ቀላሉ በቀላሉ፣ ከባዱ በከባዱ። ደንቡ በተነካ ቁጥር የብሩ መጠን ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም። ስለዚህ «እኔ ያኔ ይህን ያህል ነው የከፈልኩት» የሚልህን ጓደኛ አትስማው። ያንተ ዋጋ ክስ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነው። ደግሞ ከብሩ ጋር ጥፋትህ በስምህ ይመዘገባል። ብሩ ዛሬ ተከፍሎ ያልቃል፣ ምዝገባው ግን አብሮህ ይከርማል። ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድህን እስከ መታገድ ያደርሳል። ልጁ ዋጋ ሲጠይቀኝ ያልገባው ይሄ ነው።

በእኔ ግምት ደግሞ ከተማችን ውስጥ ሞተረኛ ከሚቀጣባቸው ነገሮች አብዛኞቹ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ከግቢ እንጀምር።

1. ቁልፉን ሳታዞር ወረቀትህን ቁጠር

መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ (የሞተሩ የባለቤትነት ደብተር)፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ ቦሎ (የዓመታዊ ምርመራ ምልክት)። አራት ናቸው። ታርጋው ሲጨመር አምስት።

መንጃ ፈቃዱ የሞተር ሳይክል መሆን አለበት። ይህን ብዙ ሰው ይስታል። «የአውቶሞቢል አለኝ፣ ሞተርማ ከሱ ያነሰ ነው» ይላል። ማነስና መብለጥ አይደለም ነገሩ። በመንጃ ፈቃድ አዋጁ፣ በቁጥር 1074/2010፣ ሞተር ሳይክል የራሱ ምድብ ነው። ዕድሜ 18 መሙላት አለበት፣ የጤና ምርመራ አለው፣ ማሠልጠኛ ገብተህ የጽሑፍና የተግባር ፈተና ታልፋለህ። የሚያበቃበት ቀንም አለው። ካርዱን አውጥተህ ቀኑን አሁኑኑ እየው። ጊዜው ያለፈበት መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው ትራፊክ ፊት «አላየሁትም» ሲል ስንቴ ሰምቻለሁ። እውነቱን ነው፣ አላየውም። ግን አያድነውም።

ሊብሬው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የልጁ ሞተር እዚህ ጋ ነው ጉድ ያፈላው። ያገለገለ ሞተር ስትገዛ ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ እይ። የሱ ሊብሬ በሻጩም ስም አልነበረም። ሻጩ ራሱ ከሌላ ሰው በውል ገዝቶ፣ ስም ሳያዛውር ነው የሸጠለት። በእጁ ያለው አንድ የተጨማደደ የሽያጭ ውል ብቻ ነው።

«እንግዲህ ቁጥሩን እንየው» አልኩት። የሞተር ቁጥርና የሻንሲ (የአካሉ ብረት) ቁጥር ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ሁለቱም ከብረቱ ጋር መግጠም አለባቸው። የሻንሲው ቁጥር መሪው ከሚዞርበት አንገት ላይ ነው የተቀረጸው። በጭቃና በቅባት ተለብዶ አይታይም። በቤንዚን የነከረ ጨርቅ አምጥቶ ጠረገው። እኔ ሊብሬውን ይዤ እያነበብኩ፣ እሱ ተጎንብሶ በጣቱ እየዳሰሰ አንድ በአንድ ሄድን። መጨረሻዋ ላይ ስንደርስ ቆመ። «ጋሼ፣ 3 ነች 8?» አለ። ወረቀቱ 8 ይላል። ብረቱ ላይ ግማሿ ዝጋለች። ስልኩን አብርቶ በጎን ሲያያት 8 ሆነች። ሁለታችንም ተነፈስን። 3 ብትሆን ኖሮ ነገሩ የትራፊክ ቅጣት አይሆንም ነበር። የተሰረቀ ንብረት ነው ወይ ወደሚል ጥያቄ ነው የሚሄደው። ይህን ከመግዛትህ በፊት አድርገው፣ ከገዛህ በኋላ አይደለም።

ስም ዝውውሩንም አታሳድረው። ስሙ እስካልዞረ ድረስ አደጋ ቢደርስ የሚፈለገው ሊብሬው ላይ ያለው ሰውዬ ነው። ሰውዬው ደግሞ ሞተሩን ከረሳው ዓመቱ ነው።

ሦስተኛ ወገን ግዴታ ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ባለሞተር ተሽከርካሪ ሁሉ ያለዚህ መድን መንገድ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላል። ሞተር ሳይክልም ተሽከርካሪ ነው። አንዳንዱ «ይቺ ለቦሎ ነው የምትጠየቀው» ብሎ እንደ ፎርማሊቲ ያያታል። ሰው ገጭተህ ስትቆም ነው ትርጉሟ የሚገባህ። እዚያ ስንደርስ እመለስበታለሁ። ቦሎው በየዓመቱ ሞተሩ ተመርምሮ ነው የሚሰጠው። ሰኔ ላይ ሰልፍ ከምትሰለፍ ቀደም ብለህ አድርገው።

ታርጋው እንዲነበብ አድርገህ እሰረው። በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ወደ ላይ የታጠፈ፣ ግማሹ በጭቃ የተሸፈነ ታርጋ ትራፊኩን ይጠራዋል። ሳይፈልግህ እንኳ ያስቆምሃል።

2. ሄልሜት

አሁን ልጁ ወደጠየቀኝ ጥያቄ መጣን።

ሄልሜት ለነጂውም ከኋላ ለሚቀመጠውም ነው። የሰው ቁጥር ሁለት ከሆነ ሄልሜቱም ሁለት ነው። ከተማችን ውስጥ ግን የማየው ምንድን ነው? ነጂው አድርጓል፣ ከኋላ ያለችው ነጠላ ለብሳለች። ወይም ሄልሜቱ ክንድ ላይ ተንጠልጥሏል። ትራፊክ ከሩቅ ሲታይ ይደረጋል፣ ሲታለፍ ይወልቃል። አንዱን ወጣት «ክንድህ ነው የሚያስብልህ?» ብዬው ሳቀብኝ።

በትክክል የተደረገ ሄልሜት የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ፣ የመሞትን አደጋ ደግሞ በ42 በመቶ እንደሚቀንስ በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ተደምረው አሳይተዋል። ትክክለኛው አደራረግ የሚባለው ማሰሪያው አገጭ ሥር ተቆልፎ ነው። ሳይታሰር የተደረገ ሄልሜት መጀመሪያ የሚበረው እሱ ነው። አንተ በኋላ ትከተላለህ።

ስትገዛ አድርገው፣ ሳታስረው ጭንቅላትህን ነቅንቅ። ብቻውን ከዞረ ሰፊ ነው፣ ተወው። ግንባርህን ጨምቆ ካመመህ ጠባብ ነው። የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉት ቢጫ ቆብ ሄልሜት አይደለም። ይህን መጻፍ ባይኖርብኝ ደስ ባለኝ፣ ግን አድርገውት አይቻለሁ። አንድ ጊዜ በኃይል የወደቀ ሄልሜት ውጪው ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ፎም ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ያገለገለ አትግዛ። ሞተሩን ያገለገለ ግዛ፣ ሄልሜቱን አዲስ።

3. ሞተሩን ዞረህ እየው

አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የፊትና የኋላ መብራት፣ ፍሬን ስትይዝ የሚበራው ቀይ መብራት፣ አራቱ ፍሬቻዎች፣ ሁለቱ ስፖኪዮዎች፣ ክላክስ፣ ጎማ፣ ሰንሰለት። የጎደለው ሁሉ ያስቀጣል።

ስፖኪዮ ለምን እንደሚነቀል እስካሁን አልገባኝም። «ለማማር» ይሉኛል። ባጃጅ በግራም በቀኝም በሚያልፍህ ከተማ ውስጥ ከኋላህ የሚመጣውን ሳታይ መንዳት ምኑ ነው የሚያምረው? ማርሚታውን ቀዶ ከተማውን የሚያስጮኸውም እንደዚያው። ሌሊት ሕፃን ያስተኛች እናት ምን እንደምትለው ቢሰማ ይመልሰው ነበር።

4. መንገድ ላይ

ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ነች። ሕጉ ለሁሉም ከተማ አንድ ቢሆንም እዚህ የሚያጠምድህ ቦታ የራሱ አለው።

ከቁልቁለቱ ልጀምር። ከጎሃ ሆቴል ወደ ከተማ ስትወርድ ነዳጅ ለመቆጠብ ብለህ በፎሌ፣ ማርሽ ሳይገባ፣ አትልቀቀው። ማርሽ ውስጥ ይሁን። ሞተሩ ራሱ ይይዝልሃል፣ ፍሬኑ አይግልም። የፊት ፍሬን ነው አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው፣ ግን ብቻውን ጨምድደህ አትያዘው። ሁለቱንም አብረህ፣ ቀስ እያልክ። ክረምት ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም ኮብልስቶኑ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ነው። እኔ ራሴ ፒያሳ አካባቢ ዝናብ ባባራ በአምስት ደቂቃ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ በጎኔ ተኝቼ ተንሸራትቻለሁ። ጉልበቴ ተላጠ፣ ሱሪዬ ተቀደደ። አንዲት እናት ጥላቸውን ዘርግተው «እሰይ፣ ተነስ ልጄ፣ ሚካኤል አውጥቶሃል» አሉኝ። ፍጥነቴ የሰው ሩጫ ያህል ነበር። ያወደቀኝ ድንገት የያዝኩት የፊት ፍሬን ነው።

አደባባይ ላይ ቅድሚያ ያለው ውስጥ ገብቶ እየዞረ ላለው ነው። ከግራህ ለሚመጣው ማለት ነው። ምልክትም መብራትም ትራፊክም በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ደግሞ ከቀኝህ ለሚመጣው ታሳልፋለህ። እነዚህ ሁለቱ በየፈተናው ይጠየቃሉ፣ በየመንገዱ ይረሳሉ። «ሞተር ስለሆንኩ ሾልኬ አልፋለሁ» ማለት ቅድሚያ አይሰጥህም።

ምልክቶቹን በቅርጻቸው ያዛቸው። ቀይ ጠርዝ ያለው ሦስት ማዕዘን ያስጠነቅቃል። ቀይ ጠርዝ ያለው ክብ ይከለክላል። ሰማያዊ ክብ ያዛል። የተገለበጠው ሦስት ማዕዘን «ቅድሚያ ስጥ» ነው። ስምንት ማዕዘኑ «ቁም» ነው፣ ቁም ማለት ደግሞ ጎማው መዞር ያቆማል ማለት ነው። ክቡ ውስጥ ቁጥር ካለ ከዚያ በላይ አትሄድም። ክቡ ውስጥ ሞተር ሳይክል ካለ፣ አንተን ነው።

ዜብራ ላይ እግረኛ ካለ ቁም። ማራኪ ግቢ ደጃፍ ተማሪው ሲለቀቅ ይህን በደንብ ታውቀዋለህ። ከፊትህ ያለው መኪና ዜብራ ላይ ከቆመ በምክንያት ነው የቆመው። አንተ በጎን ዞረህ ስታልፈው ያላየኸው ሰው ከመኪናው አፍንጫ ብቅ ይላል። ብዙ የሞተር አደጋ እንዲህ ነው የሚፈጠረው። እግረኛ መንገድ ላይ መንዳትም ያው ጥፋት ነው፣ መንገዱ የቱንም ያህል ቢጨናነቅ።

ባጃጅ ለብቻው ምዕራፍ ይገባው ነበር። ተሳፋሪ «ወራጅ» ሲል የትም ይቆማል። ፍሬቻ ያሳያል ብለህ አትጠብቅ። ከኋላው ተለጥፈህ አትሂድ፣ በቀኙም አትለፈው። መቅደም በግራ ነው፤ በቀኝ ካለፍከው ተሳፋሪው የሚወርደው አንተ ላይ ነው። ለነገሩ የባጃጅ ሹፌሮችም ስለኛ ስለ ባለ ሞተሮች ይህንኑ ይላሉ። እነሱም አልዋሹም።

የአዘዞ መንገድ ሌላ ዓለም ነው። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ወደ ባሕር ዳርና ወደ መተማ የሚሄደው ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፈው። ከባድ መኪናው ብዙ ነው። ተሳቢ ሲያልፍህ ነፋሱ ይገፋሃል፣ መሪህን በሁለት እጅ ያዝ። የመኪና ጎን ወይም ኋላ ይዞ መሄድ የተከለከለ ነው። ሞተሩ ነዳጅ ሲያልቅበት ዳገቱን በአይሱዙ ተስቦ የወጣ ልጅ አይቻለሁ። ደፋር ነው አልልም፣ ሌላ ቃል አለኝ።

ስልክን በተመለከተ ይህችን ሂሳብ ለልጁ ሠራሁለት። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄድክ ከሆነ በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ትጓዛለህ። ማን እንደደወለ ለማየት ሁለት ሰከንድ ዓይንህን ብታነሳ 22 ሜትር ታውሮ መንዳት ነው። ግቢያችንን ከበሩ እስከ ኩሽናው ለካሁለት፣ 14 ሜትር ሆነ። «ግቢውን ጨርሰህ ጎረቤት ገባህ» አልኩት። ሄልሜት ውስጥ ስልክ ሰክቶ ማውራትም እጅህን ነፃ ያደርግ ይሆናል፣ ጆሮህንና ሐሳብህን ግን ይወስደዋል።

መጠጥ ላይ ብዙ አላወራም። ጠላ መጠጥ አይደለም የሚል ሰው አለ። ነው። ማኅበር ጠጥተህ፣ ሰርግ በልተህ ከሆነ ሞተሩን እዚያው አሳድረውና በእግርህ ሂድ።

በዓል ሲሆን ደግሞ መንገዱ ያንተ አይደለም። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ፣ በማግስቱም ሲመለሱ መንገዶቹ ለተሽከርካሪ ይዘጋሉ። «እኔ እዚሁ ሰፈሬ ነው» ብለህ በሕዝብ መሃል አትግባ። ከጸጥታ ጋር በተያያዘ ሞተር የሚንቀሳቀስበት ሰዓት የሚገደብበት ጊዜም አለ። ይህ ከደንቡ የተለየ ትእዛዝ ነው፣ ይወጣል ይነሳል። ማታ ከመውጣትህ በፊት ጠይቅ። በሌላ ከተማ ያለውንም አትርሳ። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ ፈቃድ ከተሰጣቸው በስተቀር ሞተር ሳይክል እንዳይንቀሳቀስ ከልክላለች። ሞተርህን ጭነህ ሸገር ልሥራበት ካልክ መጀመሪያ ይህን አጣራ።

5. ከኋላህ ማን አለ?

አንድ ሰው። ቂጡን ወንበሩ ላይ፣ እግሩን መርገጫው ላይ አድርጎ፣ አንተን በሁለት እግሩ መሃል አስገብቶ ወደ ፊት ዞሮ የተቀመጠ። አባት፣ እናት፣ በመሃል ሕፃን፣ ታንከር ላይ ሌላ ልጅ፣ ይህ ቤተሰብ እንጂ ጭነት አይደለም ይሉ ይሆናል። ሕጉ ግን አያውቀውም።

ዕቃ ከሆነ መሪህን የማይከለክል፣ በጎን የማይወጣ፣ የታሰረ ይሁን። የፋሲካ ሰሞን ከቅዳሜ ገበያ በግ በጭን አስተኝቶ የሚነዳ አታጣም። በጉ ዝም ብሎ ቆይቶ መሃል መንገድ ላይ ይፈራገጣል። ለባጃጅ የምትከፍለው ከበጉ ዋጋ አንጻር ምንም አይደለም፣ ከእግርህ አንጻርማ አታንሳው።

6. ትራፊክ ሲያስቆምህ

ፍሬቻ አሳይ፣ ቀኝህን ይዘህ ቁም፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ሄልሜትህን አውልቅ። ፊትህ ይታይ። ሰላምታ ስጥ። ወረቀቶችህን አንድ ላይ በፕላስቲክ ይዘህ ከሆነ ነገሩ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ኪስህን አንድ በአንድ ስትበረብር ነው ሰው ሁሉ የሚናደደው።

ዞሮ መሸሽ ትልቁ ስህተት ነው። አንደኛ፣ ትእዛዝ አለማክበር ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ሁለተኛ፣ የሚሸሽ ሞተር በዚህ ጊዜ ምን ተብሎ እንደሚታሰብ አንተም ታውቃለህ። ሦስተኛ፣ ጎንደር ትንሽ ከተማ ነች። ነገ ያው መንገድ ላይ ትገናኛላችሁ።

የራሴን ልናገር። አንድ ቀን የኋላ መብራቴ ተቃጥሎ ተያዝኩ። ትራፊኩ ሽማግሌ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ መብራትህ አይሠራም» አሉኝ በጨዋ ደንብ። እኔ ሆዬ «ቀን ነው እኮ! ፀሐይ አይታይዎትም?» አልኳቸው። ፈገግ ብለው ሞተሩን ዞር ዞር ብለው ማየት ጀመሩ። ግራ ስፖኪዮ የለም። የፊት ፍሬቻው በፕላስተር ታስሯል። ቦሎው ሁለት ሳምንት አልፎበታል። በአንድ መብራት የጀመረ ነገር አፌ አራት አደረገው። ጥፋት ከሌለህ በአክብሮት አስረዳ። ካለህ «ይቅርታ አባቴ፣ አስተካክላለሁ» በል። ሊምሩህም ላይምሩህም ይችላሉ፣ አይጨምሩብህም ግን።

«ለሻይ» ብለህ እጅህን ወደ ኪስህ አትስደድ። ሰጪውም ተቀባዩም ወንጀለኛ ነው። የደንብ ጥፋት የነበረውን አንተ ራስህ ወደ ፍርድ ቤት ወሰድከው ማለት ነው። ሳታጠፋ ገንዘብ የጠየቀህ ካለ ደግሞ ክሱን ጻፍልኝ በለው፣ ቀኑንና ቦታውን መዝግብ፣ ለአለቆቹ አመልክት።

7. ክስ ወረቀቱ ከተጻፈ በኋላ

እዚያው ቆመህ አንብበው። ስምህ፣ የታርጋ ቁጥርህ፣ የተከሰስክበት ጥፋት፣ ቦታና ሰዓት ትክክል ነው? «ሄልሜት አላደረገም» የተባለው ሰው «ቀይ መብራት ጥሷል» ተብሎ ተጽፎበት፣ ሊከፍል ሲሄድ ነው ያየው። እዚያው ቢያየው በደቂቃ ይስተካከል ነበር።

መንጃ ፈቃድህ ከተያዘ በወረቀቱ ነው የምትመልሰው፣ ስለዚህ ወረቀቱን አትጣለው። ፎቶ አንሳው። የሚከፈልበትን ቦታና ቀነ ገደብ ጠይቅ። ለትራፊኩ በእጅ የሚከፈል ቅጣት የለም፣ ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ክፍያ አይደለም። ቀኑ ካለፈ ይብስብሃል። ከከፈልክ በኋላ ደረሰኙን ከሊብሬው ጋር አኑረው። አንድ ቢሮ ውስጥ የከፈልኩትን ቅጣት «አልተመዘገበም» ብለው ቦሎ ሊከለክሉኝ ሲሉ ያዳነኝ ጠርዙ የተበላ ደረሰኝ ነው።

ያለ መንጃ ፈቃድ፣ ያለ ታርጋ ወይም ያለ ሦስተኛ ወገን ከተያዝክ ነገሩ በብር ብቻ አያልቅም። ሞተሩም ይያዛል። አንዳንዴ ታርጋው ይፈታል። መቆሚያ ባልሆነ ቦታ ሞተሩን ገትረህ ቡና ልጠጣ ብለህ ስትመለስ፣ ታርጋ የነበረበት ቦታ ላይ ሁለት ባዶ ቀዳዳ ታገኛለህ።

8. ሰው ከተጎዳ

እዚህ ጋ ልጁ ስልኩን አስቀመጠ።

ቁም። መሸሽ የሚባል ነገር አይታሰብ። ሞተሩን አጥፋ፣ ሌላ መኪና እንዳይደርብባችሁ ሰው ወደ ኋላ ልከህ አስጠንቅቅ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ለፖሊስ ንገር። የተጎዳውን ሰው አንገቱን ጠምዝዘህ አታንሳው፣ ሄልሜት ካደረገና እየተነፈሰ ከሆነም አትንቀልበት። ደም የሚፈስበትን በንጹሕ ጨርቅ ተጭነህ ያዝ። ሞተሩንና መኪናውን ከቦታቸው አታንቀሳቅስ፣ ትራፊክ መጥቶ ፕላን (የአደጋውን ንድፍ) እስኪያነሳ። የምስክሮችን ስልክ ያዝ። እዚያ ሦስት ሰው ሲጮህብህ መልስ አትስጥ።

አሁን ሦስተኛ ወገኑ ትርጉም ያገኛል። በአዋጅ 799/2005 ተጎጂው የአስቸኳይ ሕክምና ያገኛል፣ ማን አጠፋ የሚለው እስኪጣራ ሳይጠበቅ። ካሳውም በመድኑ በኩል ይሄዳል። መድን ከሌለህ ያው ሁሉ ወደ አንተና ወደ ሊብሬው ባለቤት ይዞራል። አደጋውን ለመድን ድርጅቱ ወዲያው አስታውቅ።

ወንጀሉ ደግሞ ለብቻው ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። እንደ ሹፌር ያለ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ከሆነ ከ1 እስከ 5 ዓመትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር ይሆናል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ወይም ነጂው ግልጽ ደንብ ሆን ብሎ ከጣሰ፣ ወይም በአልኮል ወይም በአደንዛዥ ነገር ራሱን አስክሮ ከነበረ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር ነው። «ደንብ ሆን ብሎ» የሚለውን ደግመህ አንብበው። ቀይ መብራት አይቶ ማለፍ ሆን ብሎ ነው።

እኛ አገር እርቅ አለ። ሽማግሌ ይላካል፣ የሟች ቤተሰብ ይለመናል፣ ካሳ ይቆረጣል። መልካም ነው፣ መደረግም አለበት። ፍርድ ቤትም ቅጣት ሲያቀል መጸጸትህንና መካስህን ያያል። ግን ቤተሰቡ «ማርንህ» ስላለ ብቻ የሞት ክስ አይዘጋም። ዐቃቤ ሕግ ይቀጥላል። «ታርቀናል እኮ» ብሎ ችሎት ፊት የሚገረም ሰው ብዙ ነው።

ልጁ ሻዩ ቀዝቅዞበታል። «እና ሄልሜቱ ስንት ነው?» አለኝ።

«የትኛው? ቅጣቱ ነው ወይስ የሚገዛው?»

«የሚገዛው።»

አብረን ሄደን ሁለት ገዛን፣ አንዱ ለእናቱ ነው። ሞተሩ እስካሁን እኔ ግቢ፣ ዛፉ ሥር በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። የመጀመሪያው ባለቤት ሥራ ፍለጋ መተማ ወርዷል አሉ፣ ስም ለማዛወር እሱን እያፈላለግን ነው።